መዶሻና ሽቦ

መንታ ናቸው። እሷ ቀድማ ወጣች፤ ወንድሟ ተከተለ። አዋላጇ ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኝታ ስታያቸው ልጅቷ ድንቡሽቡሽ ብላ ቡጢዋን ጨብጣለች፤ ልጁ ግን ገና የተፈለፈለ ጫጩት ይመስላል። «ይቺ ሆድ ውስጥ እያለች የወንድሟንም ድርሻ ስትበላ ከርማለች» ብላ ሳቀች። ቀልድ ነበር። ቀልዱ ግን ከክፍሉ ወጥቶ ግቢውን፣ ከግቢው ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰና፣ ልጅቷ ድክድክ ማለት ስትጀምር እውነት ሆኖ ጠበቃት። የወንድሟን ጉልበት የቀማች ልጅ ተባለች።

አባታቸው የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ጉዞ ላይ ሲሰነብት ቤቱ ይተነፍሳል። የመኪናው ጥሩምባ ከዋናው መንገድ ሲሰማ እናትየው የያዘችውን ሥራ ትታ ፀጉሯን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ ታስራለች፤ ጨምድዶ የሚጎትተው እንዳያገኝ ነው። የሚመታት ጭነት በሚያስርበት ገመድ ነበር። ምግቡ ቀዘቀዘ ብሎ ይመታል፤ ምግቡ ፈጀኝ ብሎም ይመታል። ወንድ ልጁ አልጋ ሥር ይገባል። ሴቷ አትገባም፤ በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፋ ታያለች። አንድ ቀን አባትየው መትቶ ሲደክመው ቁጭ አለና ትንፋሹን እየሰበሰበ ትክ ብሎ አያት።

«ይቺ እኔኑ ናት» አለ። ቀጥሎ ወደ አልጋው ሥር በአገጩ እያመለከተ፣ «እሳት አመድ ይወልዳል ይላሉ። እኔ እሳቱንም አመዱንም ባንድ ቀን ወለድኳቸው።»

ገመዱ እሷም ላይ አርፎ ያውቃል። እንደዚህ ቃል የለበለባት ግን የለም።

ትምህርት ቤት የላይኛው ክፍል ልጆች ወንድሟን ይዘው ፊቱን የቧንቧ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይነክሩት ነበር። ሲያወጡት ያስለዋል፤ ይስቁና መልሰው ይነክሩታል። የደረሰችው ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነው። አልጮኸችም፤ አስተማሪም አልጠራችም። የጭፍራውን አለቃ አፉ ላይ በቡጢ አለችው። የፊት ጥርሶቹ ሲረግፉ አንዱ ጣቷ መገጣጠሚያ ላይ ተሰክቶ ቀረ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። በማግስቱ የልጁ አባት «ልጄን ማነው እንዲህ ያደረገው?» እያለ ሲፎክር መጣ። ልጅቷን ሲያሳዩት የገዛ ልጁን ጆሮ ይዞ ሄደ፤ ቤት ሲደርሱም ደግሞ ገረፈው አሉ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእሷን ስም ያወጣው ግን ያ ጥርሰ ወላቃ ነው፤ መዶሻ አላት፣ መዶሻ ሆና ቀረች።

የስፖርት አስተማሪያቸው ሴቶቹን በቁመና ይመድብ ነበር። ቅልጥመ ረጅሟን ለሩጫ፣ ቁመተ መለሎዋን ለመረብ ኳስ። መዶሻን ዞር ዞር ብሎ አያትና አሎሎ ሰጣት። ወረወረችው። ከሴቶቹ ሁሉ አራቀችው፤ ከወንዶቹም ከብዙዎቹ። አስተማሪው ደስ አለው፤ እሷ ግን በጥቂት ወራት ሰለቻት። «ምን ሆነሽ ተውሽው?» ሲላት፣ «ብረቱ ወድቆ ዝም ይላል» አለችው።

ጉርምስናው ሲመጣ ሌሎቹ ሴቶች አንድ በአንድ ከሜዳው ጠፉ። አንዷ ዳሌዋ ሰፍቶ ጉልበቷን አመማት፣ አንዷ የወር አበባዋ አጣጥፎ ጣላት፣ የቀሩት ጡታቸው ሲዘል ወንዶች ሲያዩዋቸው አፈሩ። መዶሻ ላይ የተጨመረው ትከሻ ነው። ድምጿ ጎረነነ፤ ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ቀጭን ፀጉር አበቀለች። እናትየው ተጨንቃ «ልጄ፣ ሐኪም እንይ እንዴ?» ስትል፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ መሥራት የጀመረው ወንድሟ ሳቅ ብሎ ከወፍራም ጨርቅና ከላስቲክ ደረት የሚያጠብቅ ልብስ ሰፍቶ ሰጣት። «እኅቴ፣ ይኼን ልበሺና የፈለግሽውን ምቺ» አላት። አመድ የተባለው እሱ ነው።

ከትምህርት በኋላ ቄራ ተቀጠረች። ለሁለት የተሰነጠቀ በሬ ከሜንጦ አውርዳ በትከሻዋ መኪና ላይ መጫን ነው ሥራዋ። ጠዋት ስትገባ ወለሉ ደም ነው፤ ማታ ስትወጣ በውኃ የታጠበ ደም ነው። ወንዶቹ መጀመሪያ ሳቁባት፤ ኋላ ጎናቸው እንድትሸከም ተሻሙባት። አንድ ቆዳ ገፋፊ ብቻ ነበር ያላመናት። በሸክም ሊወዳደራት ገብቶ፣ በሬው ከላዩ ወድቆ ሰው ሁሉ ስለሳቀበት ቂም ያዘ።

ከቄራው ብዙም ሳይርቅ፣ ከጋራዥ ጀርባ ቦክስ የሚለማመዱበት አዳራሽ ነበር። አሰልጣኙ ድሮ ቦክሰኛ የነበረ፣ አንድ ዓይኑ የደበዘዘ ሽማግሌ ነው። «ሴት አላሰለጥንም» አላት። እንዳልሰማች ሆና የተንጠለጠለውን የአሸዋ ጆንያ መታችው። ጆንያው ሄዶ ተመልሶ ደረቷን ሲመታት ፈገግ አለች። ይኼኛው መልስ ይሰጣል። ሽማግሌው ያልደበዘዘውን ዓይኑን አጥብቦ፣ «እግርሽን ማን እንዲህ አቁሚ አለሽ?» አለ። ማስተማር ጀመረ ማለት ነው።

ሽቦን ያገኘቻት እዚያ ነው። ሽቦ የሆቴል እቃ አጣቢ ናት፤ ክንዷ የመጥረጊያ እንጨት፣ ደረቷ ጠፍጣፋ፣ ወር በገባ ቁጥር ሆዷን ይዛ ጥግ ላይ የምትጠቀለል። ሽማግሌው እሷን ለማባረር ያልሞከረው ነገር የለም። «አንቺ ልጅ፣ ነፋስ ነው የሚጥልሽ» ይላታል። ከተጋጣሚዋ በፊት በገመድ ዝላዩ የምትሸነፍ ትመስላለች። ግን ስትመታ ዓይኗን አትጨፍንም፤ ስትመታም ዓይኗን አትጨፍንም፤ በሁለቱም ነው የምልህ፣ ስትሰጥም ስትቀበልም።

«ለምን ሯጭ አትሆኚም?» አለቻት መዶሻ አንድ ቀን የጓንቷን ማሰሪያ እየፈታችላት። «ሰውነትሽ እኮ የሯጭ ነው።»

«ሁሉም እንደዚያ ይለኛል» አለች ሽቦ። «የእንጀራ አባቴ ሰክሮ በመጣ ቁጥር ስሮጥ ነው ያደግኩት። ሩጫ ጠገብኩ።»

ከዚያ ወዲህ ከአንድ ሳህን የሚበሉ፣ አንድ ምሥጢር የሚካፈሉ ሆኑ።

በዚያው ዓመት አባትየው ከጉዞ ተመለሰ። እናትየው ሻሿን ለማሰር አልደረሰችም። መዶሻ ከሥራ ስትገባ እናቷ ወለል ላይ ናት፣ ፀጉሯ ባባቷ እጅ ላይ ተጠምጥሟል፣ ወንድሟ መቀሱን እንደያዘ ግድግዳው ሥር ተለጥፏል። መዶሻ ቦርሳዋን አስቀመጠች። የመጀመሪያው ቡጢ ጎኑን አገኘው፤ አጥንት ሲሰበር ሰማች። ሁለተኛው ሆዱን። ሲያጎነብስ ሦስተኛውን ጨመረችለት። ወድቆ፣ እየተንፏቀቀ ወደ በሩ ሲሄድ ተከትላ በእግሯ አለችው። ያቆማት እናቷ ናት፤ ቁርጭምጭሚቷን አቅፋ «በቃ ልጄ፣ ያንቺ እጅ አይግደለው» እያለች።

አባትየው ከመኪና ወደቅኩ ብሎ ለሰው ተናገረ፤ ጎኑ ሲድን መኪናውን አስነስቶ ሄደ፣ ወደዚያ ቤትም አልተመለሰም። ቤቱ ዕረፍት አገኘ። ዕረፍት ያጣችው መዶሻ ናት። ስትመታው ደስ ብሏት ነበር። ጎኑ ሲሰበር የሰማችው ድምፅ ጣፍጧታል። «ይቺ እኔኑ ናት» ያለው ሰው እውነቱን ይሆን? ቦክስን የመረጥኩት እኔ ነኝ ወይስ የሱ ደም? ይህን ጥያቄ ለማንም አልተናገረችም፤ ጆንያውን ብቻ አብዝታ መታች።

በአገር አቀፉ የቦክስ ውድድር ፍጻሜ የገጠመችው የፖሊስ ክለብ ቦክሰኛ ነበረች፤ ቀልጣፋ፣ በእግሯ የምትጨፍር፣ ተመልካች የሚወዳት ሴት። በመጀመሪያው ዙር መዶሻን እንደፈለገች ተጫወተችባት፤ ቅንድቧን ከፈተችው። በሁለተኛው ዙር ደሙ ዓይኗ ውስጥ ሲገባ መዶሻ ማየቱን ተወችና የፖሊሷን ትንፋሽ እየሰማች ተከተለቻት። ፖሊሷን ጥግ አስገብታ ጎኗን ደጋግማ መታች፤ ክንዷን ለመከላከል ዝቅ ስታደርግ ቀኙን ከታች ወደ ላይ ላከችው። መንጋጋዋ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ አሰማ። የጥርስ መከላከያዋ ከነምራቋና ከነደሟ በገመዶቹ መካከል በርሮ ዳኞቹ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ሴትዮዋ በጉልበቷ ወረደች፤ አፏ ወደ ጎን ዞሮ ቀረ።

ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው «ይቺ ሴት አይደለችም!» አለ። ሌሎች ተቀበሉት።

ክለቡ በማግስቱ አቤቱታ አስገባ። ውጤቱ ታገደና መዶሻ ወደ ሆስፒታል ተላከች። የተቀበለቻት ዶክተር ጠና ያለች፣ ስትናገር ችኮላ የሌላት ሴት ናት። አንድ ክፍል ውስጥ አስገብታ መረመረቻት፣ ደም ቀዳች፣ ከዚያ እጇን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ጣቶቿን በማስመሪያ ለካች።

«የቀለበት ጣትሽ ከሌባ ጣትሽ ይረዝማል» አለች። «መንታ ነሽ አሉኝ?»

«አዎ ዶክተር። ወንድም አለኝ። ጉልበቱን ቀማሽው ይሉኛል።»

ዶክተሯ ሳቀች። «መቀማት የለም። ልጅ ገና ሆድ ውስጥ እያለ የሚደርሰው ሆርሞን አለ፤ በወንድ ይበዛል፣ በሴትም አለ። ከወንድ ጋር ያደገች መንታ ጥቂት ሳይበዛላት አይቀርም የሚሉ አሉ፣ የለም የሚሉም አሉ። ጣት መለካቱም ቢሆን ብዙ ክርክር አለበት። እንዲህ ዓይነት ነገር ትከሻ ያሰፋል፣ አጥንት ያጠነክራል፤ አንዳንዷን ሴት ከመሮጥ ይልቅ መወርወር፣ መግፋት፣ መምታት ደስ እንዲላት ያደርግ ይሆናል። ከዚህ አልፌ ብነግርሽ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።»

መዶሻ የደም ብልቃጡን አየች። «ቁጣስ? ቁጣ ካባት ይወረሳል?»

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። «አላውቅም፣ ልጄ» አለች። «አውቃለሁ የሚል ሐኪም ካገኘሽ ሌላ ሐኪም ፈልጊ።»

ውጤቱ እስኪመጣ ወሬው ቀድሞ ከተማውን ዞረ። ታክሲ ውስጥ ሰዎች ደረቷን ያዩ ነበር። ሱቅ ስትገባ «ምን ልታዘዝ ወንድሜ?» የሚል ቀልደኛ ጠፍቶ አያውቅም። ቻለችው። ቄራው ውስጥ ግን ያ ቆዳ ገፋፊ ጊዜው ደረሰለት።

ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሥራ ጨርሳ ልብሷን ቀይራለች። ሽቦ አብረው ወደ ልምምድ ሊሄዱ በር ላይ ትጠብቃታለች። መዶሻ በቆዳ መጋዘኑ ስታልፍ ከኋላ ከረጢት ራሷ ላይ አጠለቁባትና ወደ ውስጥ ጎተቷት። ቆዳ ገፋፊውና ሁለት ጓደኞቹ ነበሩ። በጨው በተነሰነሰው የቆዳ ክምር ላይ ጣሏት። አንዱ አንገቷን በጉልበቱ ተጫነ፣ አንዱ እጆቿን ያዘ። «እስቲ ሐኪም ምን ያደርጋል፣ እኛው እናያለን» አለ ቆዳ ገፋፊው፤ የሱሪዋን መታጠቂያ በቢላው በጠሰው።

ያልተያዘው እግሯ ነበር። የቆዳ ገፋፊውን ሆድ ስታገኘው እየጮኸ ወደኋላ ተፈናጠረ። ጩኸቱን ሰምታ ሽቦ ገባች። ሮጣ ሰው ልትጠራ ትችል ነበር፤ ቅርብ ዘበኛ አለ። አልሮጠችም። የጨው አካፋውን አንስታ አንገቷ ላይ የተጫነውን ሰው ጀርባውን በጠርዙ አለችው፤ ጮኾ ተንከባለለ። ሁለተኛውን አፍንጫው ላይ ደገመች፤ እሱም ፊቱን ይዞ በሩን ፈለገ። ቆዳ ገፋፊው ግን ቢላውን እንደያዘ ነበር። ወደ መዶሻ ሲሰነዝረው ሽቦ እጇን አስገባች። ቢላው ከመዳፏ ገብቶ እስከ አንጓዋ ተረተራት።

መዶሻ ከረጢቱን ከራሷ ስታወልቅ መጀመሪያ ያየችው ያንን ነው። ሰውየውን በደረቱ ይዛ ክምሩ ላይ አነጠፈችው። ፊቱን መታችው። ቢላው ከእጁ ከወደቀ በኋላም መታችው። ዓይኑ ፈርጦ፣ «ማሪኝ» ማለት ሳይችል ቀርቶ ሲያጣጥርም መታችው። በየምቱ መሀል ከጉሮሮዋ አንድ ድምፅ ይወጣል፤ «እህ፣ እህ» የሚል፣ ሸክም እንደሚያራግፍ ሰው። የት እንደምታውቀው ወዲያው ገባት። አባቷ ገመዱን ሲያነሳ የሚያሰማው ድምፅ ነበር። ማወቋ ግን እጇን አላቆመውም።

«በቃ» አለች ሽቦ ከኋላዋ፣ በዝግታ። «እሱን ተይው፣ እኔን አንሺኝ። ደሜ እያለቀ ነው።»

መዶሻ ዞረች። ሽቦ ጨው ላይ ተቀምጣለች፤ ሥሯ ያለው ጨው ቀልቷል። በትከሻዋ አንስታት ወጣች። ያን ያህል በሬ የተሸከመ ትከሻ ሽቦን ሲያነሳ ምንም የያዘ አልመሰላትም፤ ያ ነው ያስለቀሳት።

ፖሊስ ጣቢያ መርማሪው በመጀመሪያ የጠየቃት «እውነት ሴት ነሽ?» ብሎ ነው። የቆዳ ገፋፊው ሁለት ጓደኞች እሷ ናት የጀመረችው አሉ። ነገሩ ወራት ፈጀ። ፍርድ ቤቱ የተበጠሰውን መታጠቂያ፣ ቢላውንና የሽቦን እጅ አይቶ ራስን መከላከል ነው ሲል ለቀቃት። ሁለቱ ተፈረደባቸው፤ ቆዳ ገፋፊው አንድ ዓይኑን አጥቶ ወደ እስር ቤት ወረደ። የሆስፒታሉም ውጤት በመሀል መጣ። ሴት ናት፤ ሆርሞኗ ከፍ ያለ ቢሆንም ከሴት ወሰን አልወጣም ይላል። ድሏ ጸና። ያንን ግን እንደ ወሬው ያዳረሰ ሰው አልነበረም።

የሽቦ ቀኝ እጅ ጅማቱ ተበጥሷል። ሁለት ጣቶቿ ከዚያ ወዲያ አልታጠፉም፤ ቡጢ መጨበጥ አትችልም። ፋሻው የተፈታ ቀን መዶሻ ቤቷ ሄደች። ሽቦ ያንን እጅ ግድግዳ ላይ ስትደበድብ አገኘቻት፤ ግድግዳው በደም ተዥጎርጉሯል። ልትይዛት ስትል በግራዋ መንጋጋዋን መታቻት። መዶሻ አልተከላከለችም። ሽቦ እስኪደክማት መታቻት።

«አንቺ ተሰጥቶሽ መጣሽ» አለች ሽቦ እያለከለከች። «ክንዱን፣ ትከሻውን፣ አጥንቱን። እኔ እኮ ለምኜ ነው ያገኘሁት። እያንዳንዱን ጡንቻ ለምኜ።»

መዶሻ ከንፈሯን ጠርጋ፣ ውኃ ቀድታ የሽቦን እጅ አጠበች። ከዚያ መሬት ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስለ አባቷ፣ ስለዚያ «እህ» ስለሚለው ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የነገረችው ያን ቀን ነው።

ሽቦ አዳምጣ ስትጨርስ፣ «ሰውየውን ስትመቺ ሰምቼዋለሁ» አለች። «ሪንግ ውስጥ ግን አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። እዚያ እንደ ባቡር ነው የምትተነፍሺው።»

ከረጅም ጊዜ በኋላ መዶሻ ያቺኑ ፖሊስ እንደገና ገጠመች። በጥጓ ላይ ባልዲና ፎጣ ይዛ የቆመችው ሽቦ ናት፤ የሽማግሌው ዓይን ጨርሶ ደክሟልና ማየቱ የእሷ ሥራ ሆኗል። ግጥሚያው ክፉ ነበር። ፖሊሷ ያኔ የተሰበረ መንጋጋዋን አገጯን ደረቷ ላይ ቀብራ መደበቅ ተምራ መጥታለች። ሽቦ ከጥጉ «መንጋጋዋን!» ትላለች፤ መዶሻም ያለ አንዳች ይሉኝታ መንጋጋዋን ትፈልጋለች። በመጨረሻው ዙር ያገኘችው መሰላት። ቀኟን ስትልክ ፖሊሷ ከሥሩ ገብታ በቀኟ አፍንጫዋ ላይ አሳረፈችባት። አፍንጫዋ ተሰንጥቆ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ደሙ ወንድሟ የሰፋላትን አዲስ ማሊያ አለበሰው። አልወደቀችም። እስከ ደወሉ ተመታቱ። ዳኛው ያነሳው የፖሊሷን እጅ ነው።

መዶሻ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ አፍንጫዋ ጥጥ ተጠቅጥቆበት፣ ትስቅ ነበር። ፖሊሷ ገመዱን አልፋ መጥታ ፊት ለፊቷ አጎነበሰች።

«ያኔ አቤቱታውን ያስገባው ክለቡ ነው» አለቻት። «እኔ ልከራከር ብል እንኳ አፌ በሽቦ ታስሮ ነበር።»

«በምን ታስሮ?» አለች ሽቦ ከጎን ገብታ።

ፖሊሷ ግራ ገብቷት አየቻት። መዶሻ ሳቋ ሲያይልባት ጥጡ ከአፍንጫዋ በረረና ደሙ እንደ አዲስ ወረደ፤ ሽቦም በደህናው እጇ ማጅራቷን ይዛ ራሷን ወደፊት እያዘመመች ግራ እጅሽን አውርደሻል፣ ስንቴ ልንገርሽ እያለች ትቆጣት ጀመር።